እርድ የለበሰው ጦር

ልጄ ጦሩን ከጭቃ የሠራው ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ቆቦ ውስጥ ወጥቶ መግባት ባስፈራበት ወቅት ነው። ወታደሮቹ አውራ ጣት ያክላሉ። ጨዋታውን ያየው ስልክ ይሠራ በነበረ ጊዜ በቪዲዮ ነው፤ ሁለት ሰዎች ጦራቸውን አሰልፈው፣ ጠጠር እየወረወሩ ይዋጋሉ። እያንዳንዱ ወታደር ደረቱን የሚሸፍን ጥሩር አለው። የማን ጦር እንደሆነ የሚለየው በጥሩሩ ቀለም ነው።

እኔን ያስፈራኝ ይኸው ቀለም ነበር።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ግን የሃያ ዓመት ወጣት ያስመስለዋል። አባቱ በሬ ሊሸጥ ዋጃ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበታል። በሠፈራችን አንድ ወጣት በለበሰው ጃኬት ቀለም ተጠርጥሮ ተወስዶ፣ እናቱ በር በሩን ስታይ ትውላለች። ፍተሻው ቤት ለቤት ነበር። በዚህ መሀል ልጄ ከግድግዳ በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ጥሩሮቹን ቀብቶ፣ በከሰል አዥጎርጉሮ፣ መስኮቱ ሥር ደርድሯቸው አገኘሁ። ልክ የወታደር ልብስ።

«ስበራቸው» አልኩት።

አልሰበራቸውም። እኔም አልደገምኩም። ከቤት ያስቀረው ያ ጦር ነው፤ እሱን ካጣ መንገድ ይወጣል።

«እሺ፣ ቀለሙን ቀይረው።»

«ምን ላድርገው እማዬ? ጥቁር?»

«የሚለብሱት አሉ።»

«ግራጫ?»

«እሱንም።»

«ቀይስ?»

«ደም አታስታውሰኝ።»

«እንግዲያ ራቁታቸውን ይዋጉ!»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ካለው የእርድ ጣሳ አረፈ። እርድ የለበሰ ጦር አይቼ አላውቅም።

«በእርድ?» አለ ልጄ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጦር ሳይሆን አልጫ ነው የሚሆነው።»

ቢስሚላህ ብዬ እርዱን በትንሽ ውሃ አወፈርኩና አረንጓዴው ላይ ደራርቤ ቀባሁ። በየዒዱ ቤቴን ሳስውብ ከየትኛውም ቀለም በፊት ኖራ አስቀድማለሁ። ያለ ኖራ ቀለም እንደማይዝ የሠፈራችን ሴት ሁሉ ታውቃለች። ያን ቀን ግን ፍርሃት አስረሳኝ።

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ፈታሾቹ መጡ። ሁለቱ ደጅ ቀሩ፤ አንዱ ገባ። ገና ወጣት ነው። ፍራሹን ገለበጠ፤ ሣጥኑን ከፈተ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መጫወቻ ነው» አለ ልጄ።

«የማን ጦር ነው?»

«የማንም። ቀለሙን የመረጠችው እናቴ ናት።»

«ቢጫ? ይሄ እኮ ከሮቢት ድረስ ይታያል! እንዲህ ለብሶ የሚዋጋ ጦር አንድ ቀንም አያድር።»

ፈገግ ያለ መሰለኝ። አንዱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። እጁን አልቦት ኖሮ እርዱ ለቀቀ። ከሥሩ አረንጓዴው ወጣ፤ ቀጥሎም የከሰሉ ነቁጥ።

ጣቱን አየ። ልጄን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ያረቢ፣ ያረቢ እላለሁ በልቤ።

«የተገኘ ነገር አለ?» አሉት ከደጅ።

 ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ኖራ ነበር እኮ። እናቴ እንደዚያ ነው የምታደርገው።»

ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ምንም የለም! የልጅ ጨዋታ ነው» አለና ያን ወታደር ኪሱ ከትቶ ወጣ።

  ኮቴያቸው ሲርቅ ከጓሮ ኖራ አመጣሁ፤ ሁለታችን የቀሩትን ነጭ ቀባናቸው። እርድ አልደገምንም።

አባቱ በሰላም ተመልሷል። ልጄም ይኸው ከፊቴ አለ፤ አልሐምዱሊላህ። ያ ፈታሽ ወጣት የየትኛው ወገን እንደነበር ሰዎች ይጠይቁኛል፤ አልናገርም። ስሙን አላህ ያውቀዋል። ለልጄ ዱዓ ሳደርግ እሱንና ኖራ የምታስቀድመውን እናቱን አብሬ አነሣለሁ። ያን አረንጓዴ ወታደር ኪሱ ውስጥ አግኝተውበት «ይሄ የማን ነው?» ብለውት ይሆን እያልኩ፣ ዛሬም እፈራለታለሁ።