ጫፉ ላይ የቀረው ወርቃማ

ፀጉሬን ወርቃማ ያደረገችው ታናሽ እህቴ ናት። ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው ጀርባ ፀጉር ቤት ነበራት። ቀለሙን ቀብታኝ አመሻሽ ላይ ስወጣ የባጃጅ ሾፌሮች ነግቷል ብለው መብራታቸውን አጠፉ። ብዙም ሳትቆይ ቤቱን ዘግታ ዓረብ አገር ሄደች።

"ከሥር የሚበቅለውን ጥቁር ስመለስ እኔው እቀባልሻለሁ። እስከዚያ ቅቤ እንዳታስነኪው፤ ወርቃማውን በሚጠብቀው በዚህ ሐምራዊ ሻምፖ ብቻ ታጠቢ" ብላኝ ነበር።

ሻምፖውን እንደ ዘምዘም ውሃ በጠብታ ቆጠብኩት። ፀሐይ እንዳያደበዝዘውም ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ከረምኩ። ጎረቤቴ ግን አላስቀመጠችኝም።

"አንቺ እቴ፣ ግማሽሽ ቁራ ግማሽሽ በቆሎ ሆነሽ እስከ መቼ? ነይ ሂና ልለቅልቅሽና እንገላገል!"

"ሂናሽን ለሙሽራ አስቀምጪው። እዚህ ራስ ላይ የሌላ ሰው እጅ አያርፍም" አልኳት።

ባለፈው ጁምዓ እህቴ በቪዲዮ ደወለች።

"ሻሹን አውልቂው እስቲ!"

አወለቅሁት። ጥቁሩ ከጆሮዬ ወርዷል፤ ወርቃማው ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቷል። መጀመሪያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

"ይህን ያህል ቆየሁ እንዴ?"

ጫፉን ቁረጪው እንዳትለኝ ፈጥኜ ሻሼን አሰርኩ።