አሊዪ የሰጣት ኤስዲኬ

ሀጀር የተወለደችው መካ፣ ነካሳ ሰፈር ነው። አያቷ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ አባቷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሷ ኮምፒውተር ተምራ ጅዳ ሥራ ያዘች።

ኩዳይ በሚባለው የመካ መናኸሪያ አውቶቡሳቸው የጠፋባቸውን ሽማግሌ ሐጃጆች እያየች ስላደገች፣ ቤተሰብ የት እንዳለ የሚያሳይ አፕ መሥራት ጀመረች። የአፑ ካርታ ግን አስቸገራት። ዩኒቨርሲቲ አብሯት የተማረው፣ እንደ ወንድም የምታየው አሊዪ፣ «ጥሩ የካርታ ኤስዲኬ አለኝ፣ በነጻ ውሰጂው» አላት።

«ኤስዲኬ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አባቷ።

«አባዬ፣ ጃኬት ሲሰፉ ዚፑን ራስዎ ይሠሩታል?»

«ኧረ ገዝቼ ነው!»

«እንደዚያው ነው። ሌላ ሰው የሠራው የፕሮግራም ዕቃ ነው፤ ከነመመሪያው ይሰጡኛል፣ አፔ ላይ እገጥመዋለሁ።»

«ውስጡን አይተሽዋል?»

«አሊዪ አይቶታል።»

ሦስት መቶ ያህል ሰው አፑን ጫነ። ሂንዳዊያ የምትኖረው አክስቷ ነጂባ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች።

በአራተኛው ወር ነጂባ እያለቀሰች ደወለች። «አንድ ሰውዬ ደውሎ ለካንሰር ሕክምና ቅናሽ አለን ይላል። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት! እኔ እኮ ሐኪም ቤት መመላለሴን ለማንም አልነገርኩም።»

ሀጀር አፑ የሚልከውን ሁሉ መመርመር ጀመረች። ያ ዕቃ ካርታ ከማሳየት አልፎ፣ ሰዎቹ ያሉበትን ቦታ ከነስልክ ቁጥራቸው በየአምስት ደቂቃው ለማታውቀው ኩባንያ ይልክ ነበር። ነጂባ ካንሰር ሐኪም ቤት መመላለሷን ደዋዩ ያወቀው ከዚያ ነበር። ሰው ለአፑ ቦታውን እንዲያይ ሲፈቅድ፣ ውስጡ የተገጠመው ኤስዲኬም በዚያው ፈቃድ ይገባል። ሰዎቹ ግን የፈቀዱት ለሷ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አሊዪ ቢሮ ሄደች።

«ታውቅ ነበር?»

ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «ነጻ ነገር ዝም ብሎ ይመጣል እንዴ? ሁሉም የሚያደርገው ነው። ኸላስ፣ በቃ አታካብጂው።»

«ለኔ ስትሰጠኝ አንተ ምን አገኘህ?»

«ይኼን ሥራ፤ የቀጠሩኝ የኤስዲኬው ባለቤቶች ናቸው» አላት።

አፑን የዚያኑ ቀን ዘጋችው። ለጫኑት ሁሉ አንድ በአንድ እየደወለች የሆነውን ተናገረች። አንዳንዱ አመሰገናት፤ አንዳንዱ ሳያስጨርሳት ስልኩን ዘጋባት። ነጂባ ዘንድ ግን ራሷ ሄደች።

«አክስቴ፣ ወላሂ አላወቅኩም። አሊዪ ነው የከዳኝ።»

«አሊዪን እኔ አላውቀውም» አለች ነጂባ። «ያመንኩት አንቺን ነው።»

ነጂባ አሁን አልሐምዱሊላህ ተሽሏታል። ሀጀርን ግን ሰው ፊት ካልሆነ አታናግራትም። አሊዪ ለዒድ መልእክት ልኮ ነበር፤ ሀጀር ሳትከፍተው አጠፋችው።