ውሃ ያልጠጣው ፖም

ታናሽ ወንድሜ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ የአጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሚስቱ በቤቱ ደጃፍ የፖሙን ቅርጫት ይዛ፣ ከቀበሌ የመጣችው የግብርና ባለሙያ ከአንዱ የፖም ዛፍ ሥር። እኔ ቦታዬ ከካቡ አጠገብ ነበር፤ ግን መቆም አልሆነልኝም፤ ከካቡ ወደ ዛፉ፣ ከዛፉ ወደ ካቡ እመላለስ ነበር።

አራቱን የፖም ዛፎች የተከልኩት ከአባታችን በቀረልን የገብስ ማሳ ጥግ ነው። ወንድሜ፣ ፍሬ ካላየሁ ቆርጬ ገብስ እዘራበታለሁ እያለ እስካሁን ታገሠኝ። ዘንድሮ ሦስቱ አፈሩ። ፍሬው ትልቅ፣ ቀይ። ቀጥፈን ካስቀመጥነው በኋላ ግን ልጣጩ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ፤ ውስጡም መረረ።

«እትዬ፣ ፖምዎን ፈንጣጣ ያዘው» አለ ወንድሜ። «በጉ እንኳ አሽትቶ ተወው።»

«በጉም እንዳንተ ነው፤ ከገብስ ሌላ አያውቅም።»

ሚስቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ባለሙያዋ ከቅርጫቱ አንዱን ፖም አንስታ በቢላ ሰንጥቃ አየችው። «እማማ፣ ይኼ ካልሲየም አንሶት ነው። ፍሬው ትንሽ ሳለ ውሃ አጠጥተውት ነበር?»

አላጠጣሁትም። እኛ ዘንድ ጡት ላይ ላለ ግልገል ውሃ አይሰጥም፤ እናቱ ትበቃዋለች። ፍሬውንም እንደዚያው ቆጠርኩት። የበልግ ዝናብ ቀርቶ ሳለ እንኳ ተውኩት። ፍሬው ከፋፋ ወዲያ ነው በየቀኑ ውሃ የተሸከምኩለት፤ የበጎቹንም ፍግ ሥሩ ላይ ከመርኩበት።

ይህንኑ ነገርኳት።

«ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃው ጋር ነው» አለች። «ፍሬው የሽምብራ ያህል ሳለ ይገባል። ከወፈረ በኋላ ያ መንገድ ይደክማል፤ ያኔ የሚደርሰው ከቅጠሉ የሚመጣው ስኳርና ፖታሲየም ነው። ፍጉም አወፈረው እንጂ አልጠቀመውም።»

ወንድሜ መጥረቢያውን ከትከሻው አወረደ። «ታዲያ ሌላ ዓመት ልጠብቅ ነው?»

ወደ አራተኛው ዛፍ ሄድኩ። ከሦስቱ በወራት ዘግይቶ ያበበው እሱ ነው። ቅጠሉን ገለጥ አደረግሁ፤ ፍሬዎቹ ከሽምብራ አይበልጡም።

«ይኼኛውስ?»

«ይኼማ ገና ነው። የሚጠጣው አሁን ነው።»

ወንድሜ ዛፉን አየ፣ መጥረቢያውን አየ። «ይኼ እስኪበስል እጠብቃለሁ። ይኼም ከመረረ ግን አራቱም ይቆረጣሉ፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ይሁን።»

ጀሪካኑን አንስቼ ወደ ምንጩ ወረድኩ።