«ሁሉንም ተረድቻለሁ»

የሰፈሩ ሰው ቁልፍ ሠሪውን «አቶ ይጣራ» ይላቸዋል። ቅጽል ስሙን ያተረፉት በሥራቸው ነው፤ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ የመጣ ሰው በሩ የራሱ መሆኑን ሳያረጋግጥ ሞረድ አያነሡለትም። የገዛ አማታቸውን እንኳ «ጎረቤት ይመስክርልዎ» ብለው መልሰዋቸዋል። ሌላው ይህን እየሳቀ ያወራል፤ እርሳቸው አይስቁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አንዲት ልጃቸው ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። አሁን ሃያ ሞልቷታል፤ ስኳሯም ምልክት ሳይሰጣት ይወርድባት ጀምሯል። ባለፈው ወር ደረጃ ላይ ራሷን ስታ ወድቃለች። ስለዚህ የምርምር ሆስፒታሉ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን ከሚችል ግንደ ሕዋስ ያሳደጋቸውን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ከቆዳዋ ሥር ሊቀብርላት ሲመርጣት፣ ሐሳቧ ሁሉ እዚያ ላይ ዋለ። ደንቡ ከቤተሰብ አንድ ምስክር እንዲፈርም ያስገድዳል። ምስክሩ አባቷ ናቸው።

ሊፈርሙ በሄዱ ዕለት ተመራማሪዋ ሐኪም ሕዋሳቱ የሚገቡበትን የጥፍር ያህል ከረጢት አሳየቻቸው።

«ሰውነቷ ሕዋሳቱን ባዕድ ናቸው ብሎ እንዳይገድላቸው ግድግዳ ሠራንላቸው፣ አባቴ። ስኳርና ኢንሱሊን ያልፉበታል፤ ገዳዮቹ አያልፉም።»

ወደ መስኮቱ ዞረው አገላብጠው አዩት። «ሌባ እንዳይገባ በሩን ጠረቀማችሁት። ባለቤቱስ በምን ይተነፍሳል?»

«አባዬ፣ ይኼ እኮ የጓሮ በር አይደለም!» አለች ልጅቷ በእፍረት።

«ተያቸው፤ እኛንም ያስቸገረን ይኸው ነው» አለች ሐኪሟ። «እስካሁን ለአሥራ ሁለት ሰዎች ቀብረናል። በስምንቱ ላይ ጠባሳ ከረጢቱን ከቦት ሕዋሳቱ ኦክስጅን አጥተው ሞቱ። አራቱ የመርፌ መጠን ቀነሱ። መርፌ ጨርሶ የተወ ግን የለም።»

«ዕጢስ አያበቅልባትም?» አሉ አባት።

«በደንብ ያልበሰለ ሕዋስ አብሮ ከገባ ሊያድግ ይችላል። እስካሁን አላየንም፤ አይሆንም ግን አልልም።»

ሰውዬው ውሸት ሊይዙ መጥተው እውነት ተሰጣቸው፤ ይኸው ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራቸው። ይህን ያህል ያወጣች፣ ያስቀረችው ምን ያህል ይሆን? መልስ ሰምቶም የማይረካ ጥርጣሬ ጥንቃቄ አይባልም፤ ጨዋ ልብስ የለበሰ ስንፍና ነው። ወደዚያው ሲንሸራተቱ፣ ዓይናቸው በሚፈርሙበት ቅጽ መጨረሻ መስመር ላይ አረፈ፤ «ሁሉንም ተረድቻለሁ» ይላል።

«ይኼን አልፈርምም።»

«አባዬ!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ልጄ። እኔ ሁሉንም አልተረዳሁም። እርስዎስ፣ ዶክተር?»

ሐኪሟ መስመሩን መልሳ አነበበችው። «እኔም አልተረዳሁም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?» ብለው «ሁሉንም» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ ሰረዙት።

የተሰረዘ ቅጽ ዋጋ የለውም። ጉዳዩ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ተመራ፤ የልጅቷም ቦታ እስከ ሐሙስ ብቻ ተያዘላት። ሦስት ቀን አላነጋገረቻቸውም። ማዕድ ላይ ጨው እንኳ በእናቷ በኩል ነበር የምታስቀብላቸው። እርሳቸውም ይቅርታ አልጠየቁም፤ ሊጠይቁ ግን ይገባ ነበር፤ ቃሉን ሲሰርዙ እርሷን ዘወር ብለው አላዩምና።

ሐሙስ አዲስ ቅጽ ቀረበ። «የተነገረኝን ተረድቻለሁ» ይላል፤ ከሥሩም ሐኪሞቹ ገና ያላወቁት ነገር አንድ ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይኼን ሁሉ አይተሽም ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈልገዋለሁ።»

ፈረሙ።

«አሁን አመንክ?» አለች።

«አላመንኩም» አሏት። «መሰከርኩ እንጂ።»