በረካው ይድረስ

ልጄ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ አልጋና ምድጃ ገጠመበት። ትናንት ጠዋት ከጉለሌ ይዞኝ ሊወጣ ሲል፣ «አባባ፣ መጀመሪያ ቡና» አለና እዚያው መኪናው ውስጥ መቁላት ጀመረ። የቡናው ሽታ ከናፍታው ጋር ሲቀላቀል የአባቴ የጭነት መኪና ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ከአባቴ ተጣልታ፣ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ፣ ፍቼ ወላጆቿ ቤት ልትገባ ነው። የሚያደርሳትም ራሱ አባቴ ነው፤ መኪና ያለው እሱ ነዋ። እኔ ጋቢናው ውስጥ መሀላቸው ተቀምጫለሁ። እንጦጦን አለፍን። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ስንደርስ አባቴ ዳር ይዞ ቆመ፤ ከወንበሩ ሥር ጀበና አወጣ። ቡና አፍልቶ የማያውቅ ሰው፣ እሳት አንድዶ ቆላ፤ የቆላውንም በጎማ መፍቻ ወቀጠው።

እናቴ ፉት አለችና፣ «ናፍታ ናፍታ ይላል» አለች።

«ይበል። አቦሉን ቀምሰሻል፤ እንግዲህ በረካው ሳይደርስ መነሳት ነውር ነው» አላት።

እኔ ስለ ቡና ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። አባቴ ማገዶ እየቀነሰ እሳቱን ያዳክመዋል፤ ጀበናው ቶሎ እንዳይፈላ። ቶናው ላይ እናቴ ስለ ጎረቤት አወራች። በረካው ላይ ሳቀች። ስኒዎቹን አለቅልቃ ቋጠሮዋ ውስጥ ከተተችና፣ «በል አዙረው። ቤት ገብተን እኔ ላፍላ፤ ይሄ ቡና አይደለም» አለችው።

«አባባ፣ እንነሳ? ረፈደብን እኮ» አለኝ ልጄ፣ ገና አቦሉን እንደጠጣን።

«በረካው ይድረስ» አልኩት።