በድምፅ ብልጫ የጸደቀው ሰብግሩፕ

ቡራዩ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ሒሳብ ማስተማር በጀመርኩበት ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ለማ ጠመኔና ዳስተር ሰጡኝ። ምክርም ጨመሩልኝ። «ሃንድአውት አዘጋጅ፤ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ውጭ አታስተምር።»

አዘጋጀሁ፤ ማኅተም ተመታበት። ስምንት ዓመት አስተማርኩበት።

አንዱን ርዕስ የማስረዳው በግድግዳው ሰዓት ነበር። ቁጥሮቹን በአምስት አባዙ፤ ከአሥራ ሁለት ሲያልፍ እንደ ሰዓቱ ዙሩ። 1 ወደ 5፣ 2 ወደ 10 ይሄዳል። ቁጥሮቹን እንዲህ ቦታ እያለዋወጠ ድምራቸውን የማያፋልስ ሕግ አውቶሞርፊዝም ይባላል። 3፣ 6፣ 9 እና 12 ግን ካሉበት አይነቃነቁም። እርስ በርስ ቢደመሩም ከአራቱ አይወጡም፤ ስለዚህ ሰብግሩፕ ናቸው። በሰባት ስናባዛ ደግሞ የማይነቃነቁት ለሁለት የሚካፈሉት ናቸው፤ እነሱም ሰብግሩፕ ናቸው።

ሃንድአውቴ ታዲያ «ሁለቱ አንድ ላይ ቢቀላቀሉም ሰብግሩፕ ይሆናሉ» ይላል። ለምን እንደጻፍኩት አላስታውስም። ሲነበብ ያምር ነበር።

ጫልቱ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ሮጣ፣ በታክሲ ተጋፍታ የምትመጣ ተማሪ ነበረች። የመጨረሻ ፈተናዋን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ለዚያ ዓረፍተ ነገር «ሐሰት» ብላ መልሳለች፤ እኔ ኤክስ አድርጌባታለሁ። በዚያች አንድ ነጥብ ኮርሱን ልትደግም ነው።

«ቲቸር፣ 3 ከመጀመሪያው አለ፣ 2 ከሁለተኛው አለ። ሲደመሩ 5 ነው። 5 የታለ?»

ሰዓቱን አየሁ። 5 በአምስት ሲባዛ 1 ላይ፣ በሰባት ሲባዛ 11 ላይ ያርፋል። ከሁለቱም የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ በትክክል የመለሱትን ስጥል ኖሬያለሁ።

ለኦቦ ለማ ነገርኳቸው። «ማኅተም ያለበት ነው እኮ» አሉ።

«ማኅተሙ ሒሳብ አይችልም» አልኳቸው።

ስብሰባ ጠሩ። አምስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሰብግሩፕ ነው ተባለ። ከእኔ ጋር እጇን ያወጣችው ቃለ ጉባኤ ያዧ ጸሐፊ ብቻ ነበረች። ለምን ቢሏት፣ «ሰዓት ማየት እችላለሁ» አለች።

በማግስቱ የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ሞላሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የድምር ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ኦቦ ለማ ፈረሙና፣ «እንዲህ ብትል ኖሮ መቼ ሰው እንሰበስብ ነበር?» አሉኝ። ጫልቱ አለፈች።

የቀደሙትን ተማሪዎች ግን አላገኘኋቸውም። አንዷን ብቻ ሰበታ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ መምህርት ሆናለች። «እስካሁን በእርስዎ ሃንድአውት ነው የማስተምረው» አለችኝ በኩራት። እዚያው ቆሜ ስህተቱን ነገርኳት። ከእኔ ይልቅ እሷ አፈረች።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ የጻፋችሁትን ለተማሪ ከመስጠታችሁ በፊት በትንንሽ ቁጥሮች ሞክሩት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።