ጣቴን ያጮህኩበት ቅዳሜ

ያንን ዘፋኝ ከማየቴ በፊት ድምፁን አውቀው ነበር። የእኛ ሬዲዮ ነፋስ ሲነሣ የአዲስ አበባውን ጣቢያ ትጥልና የሱዳኑን ታነሣለች፤ ነፋሱ ሲበርድ ደግሞ ትመለሳለች። እሱ ሲዘፍን አንድ ስንኝ ከእሱ፣ አንድ ስንኝ ከማዶ እየሰማሁ ስላደግሁ ዘፈኑ ሲሠራም እንደዚያ ሆኖ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከድንበሩ ወንዝ ብዙ አይርቅም። ወንዝ ይባል እንጂ ከክረምት ውጭ አሸዋ ነው። ከአሸዋው ማዶ የሱዳኑ ገላባት አለ። እዚያ ሰርግ ሲኖር ድምፅ ማጉያው እኛ ግቢ ውስጥ የተተከለ ይመስላል። ያለ ማለፊያ ወረቀት መሻገር ከተከለከለ ቆይቷል፤ ቢሆንም ሰርግ ሲሆን የማይሻገር አልነበረም። ሁሉም ይሻገራል፤ ሲመለስ ደግሞ ሁሉም «ማሽላ ስጠብቅ ነበር» ይላል።

ማዶ ዘፋኝን የሚያመሰግኑት በጭብጨባ አይደለም። ዘፈኑ ልቡን የነካው ሰው እየተወዛወዘ ይሄድና ዘፋኙ ፊት ይቆማል። ቀኝ እጁን ከዘፋኙ ራስ በላይ ያነሣል፤ አውራ ጣቱንና የመሐል ጣቱን እያጋጨ ጧ! ጧ! ያደርጋል፤ «አብሽር!» ይላል። አለንልህ፣ ደስ ይበልህ እንደ ማለት ነው። የእኛም ሰው ለምዶት ከወንዙ ወዲህ ባለው ሰርግ ሁሉ ሲያደርገው ኖሯል። የወንድ ነው ታዲያ። ሴት እልል ትላለች እንጂ እጇን አታነሣም። እኔ ግን ጓዳ ውስጥ ለብቻየ ተለማምጄ ከወንድሞቼ የበለጠ ይጮህልኝ ነበር።

የጦሩ የኪነት ቡድን ይመጣል፣ ያ ዘፋኝም አብሮ አለ ተብሎ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ የምሆነውን አጣሁ። እማየ «እህል ቅመሽ እንጂ! እሱ እንደሆነ በልቶ ነው የሚመጣው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አባየ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው። መድረክ ስለሌለ የትራክተሩን ተጎታች አምጥቶ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እንዲያቆም ታዘዘ። የእኔ ዘፋኝ የአባየ ተጎታች ላይ ሊቆም! ለጓደኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው ሞላ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የመጡት የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን እንደያዙ ከፊት ተቀምጠዋል። ዘፋኙ ከላይ የወታደር ሸሚዝ፣ ከታች የከተማ ሱሪ ለብሶ ወጣ። ጸጉሩ እንደ ማሽላ ክምር ክብ ነው። ከጠበቅሁት አጭር ነበር፤ ይብስ ወደድኩት።

መጀመሪያ ስለ ምርት ዘፈነ፤ ቀጥሎ ስለ እናት አገር። ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከጎጃሞቹ አንዱ «ይኸማ ስብሰባ ነው፤ ዘፈኑ መቼ ነው?» ሲል ጎኑ ያሉት አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ኦርጋኑ ዜማ ቀየረ። ያ የሬዲዮው የፍቅር ዘፈን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ስንኝ ሳያመልጠኝ እሰማው ጀመር።

እግሬ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። በተጎታቹ መሰላል ወጣሁ፤ ፊቱ ቆምኩ፤ ቀኝ እጄን ከራሱ በላይ አነሣሁ። ጧ! ጧ! «አብሽር!»

ዘፋኙ ራሱን በክንዱ ጋርዶ ቁጭ ሊል ደረሰ። ዘፈኑ ተቋረጠ። መጀመሪያ ከታች የቆሙትን ወታደሮች አየ፤ ቀጥሎ ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ወንዝ። ደስታየ እንደ ውኃ ከላየ ሲወርድ ተሰማኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሰው እጁን ሲያነሣ ሽማግሌዎቹ ይከተሉ ነበር። ያን ቀን ቁልቁል ሳያቸው ሁሉም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ነበር።

ከወታደሮቹ አጠገብ የቆመው የከተማችን ካድሬ ከደጋ ከመጣ ገና ወሩ አልሞላም። በአንድ ጣቱ ጠርቶ አወረደኝ።

«ማነሽ አንቺ? ወደ ማዶ ምን ምልክት ነው የሰጠሽው?»

«ምልክት አይደለም ጓድ። ምስጋና ነው።»

«የት ነው የተማርሽው?»

ሰርግ ላይ ብል የማን ሰርግ ይላል። ገላባት ብል መሻገራችንን በአፌ ማመኔ ነው፤ እኔን ያሻገሩኝ ደግሞ እናትና አባቴ ናቸው። ጣቶቼን ከኋላየ ደበቅሁ።

«ምስጋና ከሆነ ሌላው ሕዝብ ለምን አላመሰገነም?» ብሎ ወደ ጎረቤታችን ሽማግሌ ዞረ። «አባት፣ ይህን ነገር ያውቁታል?»

በከተማው እንደ እሳቸው ጣት የሚያጮህ የለም። አጎቴ ሲያገባ ጣታቸው እስኪያብጥ ያጮሁ ሰው ናቸው። እኔን አዩኝ፤ መሬቱን አዩ።

«ኧረ እኔ አላውቀው። ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

አልተቀየምኳቸውም። አውቀዋለሁ ቢሉ የሚከተለው ጥያቄ «ከየት?» ነው። ካድሬው አንድ ሌላ ሰው ጠየቀ፤ ሌላም ጠየቀ። ያ ሁሉ በየሰርጉ የማውቀው ሕዝብ በአንድ አፍ አላውቅም አለ። እሱም እኔን ውሸታም ቢለኝ አይፈረድበትም ነበር።

«ተጎታቹንስ ጀርባውን ወደ ድንበር አዙሮ ያቆመው ማነው?»

አባየ ከተጎታቹ ሥር ድንጋይ እንደያዘ ወጣ። ዘፈኑ ሁሉ ሲዘፈን ጎማው እንዳይንሸራተት ሲደግፍ ነበር፤ ላይ የሆነውን እንኳ አላየም።

«እኔ ነኝ ጓድ። ዘፋኞቹን ፀሐይ እንዳይመታቸው ብየ…»

«ለዘፋኝ አዘንክ፣ ለሕዝቡ አላዘንክም? ልጅቱ ልጅ ናት። የላካት ነው የሚጠየቀው።»

አባየን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወሰዱት። ድንጋዩን የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ትንሽ ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መንገድ ዳር አኖረው። ማታ የጥበቃ አባል የሆነ ዘመዳችን ለእማየ ሹክ አላት፦ ነገ ቡድኑ ሲሄድ አባየ ወደ ጎንደር ይላካል። ወደ ጎንደር የተላኩ ሰዎችን ቤት አውቃለሁ። ሚስቶቻቸው ዛሬም ስንቅ ያዘጋጃሉ፤ የሚቀበላቸው ግን የለም።

እማየ አልተቆጣችኝም። ያ ነው የባሰ ያስፈራኝ። «የወንድ ጣት ምን ሊያደርግልሽ ነበር?» ብቻ አለችኝ፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። ቆይታ ደግሞ፦ «የከተማው ሰው አይመሰክርም። የቀረው ያ ዘፋኝ ነው። ምን እንዳልሽው የሰማ እሱ ብቻ ነው።»

ቡድኑ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያደረው። እሑድ ጧት ሴቶች ውኃ እንዲያመጡላቸው ታዘው ስለነበር እኔና እማየም ጀሪካን ይዘን ገባን። ዘበኛው ውኃውን እንጂ እኛን አላየም። ዘፋኙ አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል። ሲያየኝ ፎጣውን እንደ ጋሻ ያዘ።

«አንቺ ነሽ? በይ ውጪ! እኔ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም።»

«ጓድ፣ አባቴን ወደ ጎንደር ሊልኩት ነው…»

«ጓድ አትበይኝ።» ድምፁ ሻክሯል፤ በሬዲዮ የማውቀው ድምፅ ከየት ይወጣ እንደነበር ገረመኝ። «አንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበረን። አንድ የድንበር ከተማ ላይ ሽንት ቤት ብሎ ወጥቶ በዚያው ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ሽንት ቤት የምንሄደው በወታደር ታጅበን ነው። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ወንዙ ፊት ራሴ ላይ ትጠቅሽኛለሽ!»

«ና ያልኩዎት መስሎዎት ነው የደነገጡት?»

ፎጣውን ወደ ጭኑ አወረደ። «እውነቱን ልንገርሽ? በጥፊ ልትይኝ መስሎኝ ነው።»

እማየ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሳቋ ወደ ልቅሶ ሲዞር አየሁት። «ልጄ» አለችው፣ «አንተም እናት አለችህ። ምልክት አይደለም በልልን።»

«እኔ ብናገር እሜቴ፣ ባለቤትዎን ብቻውን አይልኩትም። አብረን ነው የምንላከው።» ቀና ብሎም አላያትም።

ጀሪካኑን አንሥተን ልንወጣ ስንል «ቆይ» አለኝ። «ምንድን ነው እሱ ነገር? አሳዪኝ።»

ፈራሁ። እጄን እስከ ትከሻየ ብቻ አነሣሁ፤ ጣቴ በውኃ ርሷል፣ አልጮህ አለኝ። ፎጣውን ወረወረልኝ። ጠርጌ ሞከርኩ፤ ጧ! ምን ማለት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደረግ፣ ሰዎቹ ለምን አናውቅም እንዳሉ ነገርኩት። እሱም ሞከረ፤ ጣቱ ይንሸራተታል። «እንዲያ አይደለም፤ የመሐል ጣትዎን ያጥብቁት» አልኩት። አጠበቀው፤ ጧ አለ። ዘበኛው በበሩ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው?»

«የዘፈን ምት እየለካሁ ነው» አለ ዘፋኙ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ለእኛ «ሂዱ አሁን» አለን። ምንም ቃል አልገባልንም።

ረፋድ ላይ አጫጆቹ ለአጨዳ ዘመቻ ከመውጣታቸው በፊት ሜዳው ላይ ተሰበሰብን፤ ቡድኑ አንድ ዘፈን ዘፍኖ ወደ ቀጣዩ ከተማ ወደ ኮኪት ሊሄድ ነው። አባየን የሚወስደው መኪናም ከቀበሌው ፊት ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሌላ ነጂ ተጎታቹን አዙሮት ነበር፤ የጧቷ ፀሐይ ግን አሁንም እኛን ፊት ለፊት ትመታን ነበር። ዘፋኙ በዚያ በሻከረ ድምፁ የአጨዳውን ዘፈን ጀመረ። መካከል ላይ ማይክሮፎኑን እንደያዘ፣ ሽቦው እየተጎተተ፣ ከተጎታቹ ወረደ። ቀጥ ብሎ ወደ ካድሬው ሄደ። ቀኝ እጁን ከካድሬው ቆብ በላይ አነሣ።

ጧ! ጧ! «አብሽር ጓድ!»

የካድሬው እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ። እማየ ክንዴን ጨመደደችው። ዘፋኙ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል፤ ጥርሱ ግን እንደ ሳቀ ቀርቷል። በማይክሮፎኑ «የመተማ ሕዝብ ትናንት በአንዲት ልጅ እጅ የሰጠኝን ክብር እኔ ዛሬ ለጓድ ሊቀመንበራችን ተወካይ አስተላልፋለሁ!» አለ።

ማንም አልተነፈሰም። ያ ዝምታ ቢቆይ ኖሮ ሁላችንም አልቆልን ነበር። ከኋላ ጎረቤታችን ሽማግሌ ተነሡ። እጃቸው ከጋቢያቸው ወጣ። እየተወዛወዙ ሄደው ካድሬው ፊት ቆሙ። ጧ! የእሳቸው ጣት ያለ ማይክሮፎን ሜዳውን ሞላው። «አብሽር የኔ ልጅ!» አሉት። ሌላው ተከተለ፤ ሌላም። ትናንት አላውቅም ያሉት ሁሉ። ያ ጎጃሜ ደግሞ «እኛስ ምን በወጣን!» ብሎ በማጭዱ ሊያጅብ ሲነሣ ጓደኞቹ «ማጭዱን አኑር አንተ!» ብለው ጎተቱት። ያን ጊዜ ሕዝቡ ሳቀ።

ካድሬው ምን ያድርግ? ሁሉም ሰው ያከበረውን ክብር እንዴት ምልክት ይበለው? በመጨረሻ እንደ ሙሽራ ራሱን ትንሽ ዝቅ አደረገ። እኔ ግን ፊቱን አልነበረም የማየው። እጁ ከሽጉጡ የተነሣው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው።

የቡድኑ መኪና ሲሄድ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ዘፋኙ ከኋላ በሁለት ወታደሮች መሐል ተቀምጧል። በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን ከፊቱ አልነቀለም። እኔም እጄን አላነሣሁም። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር እጠብቀዋለሁ። አልሰማሁትም። ነፋሱ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

አባየን ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቀቁት። «ተጎታች ሁለተኛ ወደ ድንበር እንዳታዞር» ብለውታል። እግሩን ታጠበ፣ በላ። ሊቆጣኝ ነው ብየ ጥግ ይዣለሁ።

«ድምፁ ግን ጥሩ ነው?» አለኝ ድንገት። «ከሥር ሆኜ ጎማ ስደግፍ አልሰማሁትም።»

«ጥሩ ነው አባየ።»

«እስቲ በዪልኝ። በሩን ዝጊና።»

በሩን ዘጋሁ። ያንን የፍቅር ዘፈን፣ ትናንት ካቆመበት አሳልፌ እስከ መጨረሻው፣ ለእኛና ለግድግዳው ብቻ በሚሰማ ድምፅ ዘፈንኩለት። ስጨርስ አባየ ተነሥቶ መጣና ፊቴ ቆመ። ቀኝ እጁ ከራሴ በላይ ተነሣ፤ አውራ ጣቱና የመሐል ጣቱ ተገናኙ። በሩን አየ። እጁን አወረደና አንገቱን አከከበት።